አፍንጫ የመረጠው ብሩሽ

«ጢም አብቅለሻል እንዴ የኔ እህት?» አለ ባለሱቁ።

አያቷ ቁንጫ የሚሏት ልጅ የያዘችውን የጢም ብሩሽ ከጉንጯ ላይ ቶሎ አነሳች። ፊቷ ጋለ። አብራት የመጣችው የወንበር ጓደኛዋ ሬዲዮ ሳቋ ሊያመልጣት ሲል ወደ ሻምፖዎቹ መደርደሪያ ዞረች።

«ለአያቴ ነው» አለች ቁንጫ።

«እሱማ ገብቶኛል። አያትሽ ምን ዓይነት ነው የሚወዱት? ለስላሳ ወይስ ጠንከር ያለ?»

ቁንጫ ባንኮኒው ላይ የተደረደሩትን ብሩሾች በየተራ ዳበሰቻቸው። አንዱ እንደ ድመት ጆሮ ይለሰልሳል፤ ሌላው እንደ ጫማ ብሩሽ ይዋጋል። አያቷ በየማለዳው ሲላጩ አጠገባቸው ቆማ ጥርሷን እየቦረሸች ነው ያደገችው። ያም ሆኖ ያ ብሩሽ ፊት ላይ ሲያርፍ ምን ምን እንደሚል ልብ ብላ አታውቅም። በእጇ የያዘችው አንድ ቀን ብቻ ነው፤ ያን ቀንም የታያት የኮላ መቀቢያ እንጂ ብሩሽ አልነበረም።

ነገሩ እንዲህ ነው የሆነው። ለጂኦግራፊ ክፍል ከጋዜጣና ከኮላ ተራራ ሠርታችሁ አምጡ ተብለው ነበር። ተራራው ግማሽ ላይ ሲደርስ ኮላ የምትቀባበት ነገር አጣች። መታጠቢያ ቤት ገባችና የአያቷን ብሩሽ አነሳች። እንደጨረስኩ አጥቤ እመልሰዋለሁ ብላ ነበር። በመሀል ሬዲዮ ደወለች። ሬዲዮ ከደወለች ደግሞ የሚያስቆማት የስልክ ባትሪ ማለቅ ብቻ ነው፤ ስሙም የወጣላት ለዚሁ ነው። ቁንጫ ስትመለስ ብሩሹ ድንጋይ ሆኖ ጠበቃት። ተጨነቀችና የፈላ ውሃ ውስጥ ዘፈዘፈችው። ኮላው ለቀቀ ብላ ስትጎትተው ፀጉሩ ከነሥሩ ተነቅሎ እጇ ላይ ቀረ። ፀጉሩን ቆሻሻ ውስጥ ጣለችው። እጀታውን መጣል ግን አልሆነላትም፤ በካልሲ ጠቅልላ የትምህርት ቤት ቦርሳዋ ሥር ደበቀችው።

በማግስቱ ጠዋት የአያቷ እጅ እንደ ልማዱ ወደ መደርደሪያው ሄደ። አያቷ ዕድሜያቸውን የአገር አቋራጭ አውቶቡስ ሲነዱ ኖረዋል። ዓይናቸው ማየት ካቆመ ወዲህ የሚነዱት ምላጫቸውን ብቻ ነው፤ እሱን ደግሞ ለማንም አይሰጡም። ከሳሙናው ቀጥሎ ብሩሽ፣ ከብሩሹ ቀጥሎ ምላጭ፤ ይህ በዚያ ቤት ሕግ ነው። እጃቸው ባዶውን ቦታ ዳበሰ፣ ተመለሰ፣ እንደገና ዳበሰ።

«ብሩሼስ?»

ቁንጫ አፏ ውስጥ የጥርስ ሳሙና ነበር። እሱን ሰበብ አድርጋ ዝም አለች።

«ትናንት እዚህ ያጸዳው ማነው?» አሉ ጮክ ብለው።

አክስቷ እጇን በጨርቅ እየጠረገች ከጓዳ መጣች። ቤቱን የያዘችው እሷ ናት፤ ቁንጫም ያደገችው በእሷ እጅ ነው፤ እትዬ ነው የምትላት። እትዬ በመርሳቷ የማይቀለድባት ቀን የለም። አንድ ጊዜ የቤቱን ቁልፍ ከሽንኩርት ጋር ፍሪጅ ውስጥ ከታ ሁሉንም ደጅ አስቀምጣቸዋለች።

«አባዬ፣ እኔ እንኳ አልነካሁትም» አለችና ቆም አለች። ያቺን ቆም ማለት ቁንጫ መቼም አትረሳትም። «ወይኔ... ያረጀውን ስፖንጅ ስጥል አብሬ ጥዬው ይሆን እንዴ?»

«ዕቃዬን አታንቀሳቅሱብኝ ብዬ ስንቴ ልለምን? ባይኔ አልፈልገው ነገር! ሆነ ብለሽ ነው የምታደርጊው?»

«ጥፋቱ የኔ ነው አባዬ። ይቅር ይበሉኝ።»

ቁንጫ አፏን ተጉመጠመጠች። ልትናገር ነበር፤ ከልቧ ልትናገር ነበር። ግን መጀመሪያ ፊቷን ታጠበች፤ ከዚያ ፎጣ ፈለገች፤ ከዚያ ትምህርት ቤት ረፈደ። ማታ ስትመለስ ነገሩ ቀዝቅዞ ቆያት። የቀዘቀዘውን ማን ያሞቀዋል ብላ ተወችው።

ነገሩ ግን አልቀዘቀዘም ነበር። አያቷ ሳሙናውን በጣታቸው እየቀቡ ለመላጨት ሞከሩ። አገጫቸውን ቆረጡት፤ ከጆሯቸው ሥር ደግሞ ሳይነካ የቀረ ጢም ቆሞ ቀረ። «ጣት ምን ያውቃል?» አሉ በብስጭት። «ጢሙ የት እንዳለ የሚነግረኝ ብሩሹ ነበር። ከተንኮሻኮሸ አለ ማለት ነው፤ ከተንሸራተተ የለም።» ከሰዓት በኋላ ከጎማ ጠጋኙ ደጃፍ ጡረታ ከወጡ ሾፌሮች ጋር ተቀምጠው መሳሳቅ ይወዱ ነበር። አሁን ግን «ዛሬ ደክሞኛል» ማለት አመጡ። እንዲህ ተዝረክርከው ሰው ፊት እንደማይወጡ ቤቱ ሁሉ ያውቃል። እትዬ ደግሞ ሥራዋን እያቋረጠች መሳቢያ ትከፍታለች፣ አልጋ ታነሳለች፣ ቆሻሻ ሳይቀር ትገለብጣለች። ያልጣለችውን ነገር ትፈልጋለች።

ለዚህ ነው ቁንጫ ለቁርስ ከሚሰጣት አጠራቅማ እዚህ ሱቅ የቆመችው።

«በደረቁ ምንም አይገባሽም» አለ ባለሱቁ። ከፔርሙዝ ሙቅ ውሃ በብርጭቆ ቀድቶ አቀረበላት። «ፀጉሩ ውሃ ሲጠጣ ነው ጠባዩ የሚወጣው። ነክረሽ እዪው።»

አንዱን ነከረችው፤ ጠብታውን አራግፋ ወደ ጉንጯ ስታስጠጋው የእርጥብ ብሩሽ ሽታ መጣባት። ሽታው ወደ ድሮ ወሰዳት። ገና ትንሽ ሳለች፣ አያቷም ዓይናቸው ገና እያየ ሳለ፣ ተላጭተው ሲጨርሱ አረፋ የነካውን ብሩሽ አፍንጫዋ ላይ ጫን ያደርጉ ነበር። «ጥሩምባዋ ትሠራለች?» ይሏታል። እሷም «ጲጵ!» ትላለች። ወዲያው ደግሞ አንዲት ፀጉር አፍንጫዋ ውስጥ ገብታ ታስነጥሳታለች። ለካ ታውቀዋለች! ጉንጯ ባያውቀው አፍንጫዋ ያውቀዋል።

ዓይኗን ጨፍና ብሩሾቹን በየተራ አፍንጫዋ ላይ መጫን ጀመረች።

«ኧረ ሼም ነው! ሰው እያየን ነው እኮ!» አለች ሬዲዮ እጅጌዋን እየጎተተች።

ለስላሳው አፍንጫዋ ላይ ተኛ። ሻካራው ወጋት። ቡናማ ፀጉር ያለውን ስትጫነው ግን መጀመሪያ ገፋት፤ ከዚያ ቀስ ብሎ ጎንበስ አለላት። አንዲት ፀጉር ሾልካ ገባች። ባንኮኒውን የሚያናውጥ ንጥሻ አስነጠሰች።

«ይማርሽ» አለ ባለሱቁ እየሳቀ። «ይሄ ነው ማለት ነው?»

«ይሄ ነው» አለች ቁንጫ ዓይኗን እየጠረገች።

መንገድ ላይ ሬዲዮ ነገሩን ሁሉ ጨረሰችው። «ስሚኝ፣ 'እትዬ ገዛችልዎት' በያቸው። እሳቸው ይታረቋታል፣ እሷም ትደሰታለች፣ አንቺም ነፃ። ማን ተጎዳ?»

«እትዬ አልገዛሁም ብትልስ?»

«እትዬ? እትዬ እኮ ገዝቼ ረስቼው ይሆናል ብላ ታምንልሻለች!»

ሬዲዮ ሳቀች። ቁንጫም አብራት ሳቀች። ሳቁ ግን ከአፏ ሳይርቅ መረራት።

በማግስቱ ጠዋት አዲሱን ብሩሽ ከሳሙናው ቀጥሎ አቆመችና የጥርስ ብሩሿን ይዛ ጠበቀች። አያቷ ግድግዳውን እየዳበሱ መጡ። እጃቸው መደርደሪያው ላይ ሲያርፍ ቀጥ አለ። አውራ ጣታቸው እጀታውን ከላይ እስከ ታች ሄደበት።

«ይሄ የኔ አይደለም።»

«አዲስ ነው አባባ።» እትዬ ናት የገዛችው የሚለው ቃል ምላሷ ጫፍ ላይ ነበር። ዋጠችው። «እስቲ ይሞክሩት።»

ውሃ አስነኩት፤ ሳሙናው ላይ አሽከረከሩት፤ ጉንጫቸው ላይ አሳረፉት። ራሳቸውን ዘንበል አድርገው የሞተር ድምፅ እንደሚያዳምጥ ሰው አዳመጡ። ብሩሹ ተንኮሻኮሸ።

«ዳገቱን ይወጣል» አሉ ወደ ጆሯቸው እየወሰዱት። ወደ አገጫቸው መለሱት። «ኩርባውም ላይ አይስትም። ጠንካራ ነው፤ ግን አይዋጋም። ማነው የመረጠው?»

«እኔ።»

«አንቺ?» ፊታቸው በአረፋ ውስጥ በራ። «ነይ እስቲ ወዲህ። ጥሩምባዋ አሁንም ትሠራለች?»

አጎንብሳ አፍንጫዋን ሰጠቻቸው። አስነጠሰች። አያቷ ሳቁ፤ ብሩሹ ከጠፋ ወዲህ እንዲህ ሲስቁ አልሰማችም። እሷም የሳቃቸው ድምፅ ባያቆም ወደደች።

«የኔ ቁንጫ!» አሉ ራሷን እየደባበሱ። «ያቺ ዝንጉ ትጥላለች፤ አንቺ ትተኪያለሽ። አንቺ ባትኖሪ በእሷ እጅ ምን ይውጠኝ ነበር?»

ከጓዳ መሳቢያ ሲከፈት ተሰማ። ተዘጋ። ሌላ መሳቢያ ተከፈተ።

ቁንጫ ከአያቷ እጅ ሥር ወጣች። ክፍሏ ገብታ ቦርሳዋን ገለበጠች። ስትመለስ አያቷ ምላጩን አንስተው ነበር። ካልሲውን ፈታችና ፀጉር አልባውን እጀታ በሌላኛው መዳፋቸው ላይ አስቀመጠችው።

አውራ ጣታቸው የእጀታውን ታች ፈልጎ አገኘው። እዚያ ጋ ስንጥቅ አለ፤ ድሮ ረዳታቸው ከአውቶቡሱ ደረጃ ላይ ጥሎት የተሰነጠቀ። ጣታቸው ስንጥቁ ላይ ቆመ።

«የት ነበር?»

«ቦርሳዬ ውስጥ።»

«ፀጉሩስ?»

«ኮላ ቀባሁበት... ለትምህርት ቤት ተራራ... ከዚያ የፈላ ውሃ...»

አያቷ ምላጩን በቦታው መለሱት። አልተቆጧትም። ቢቆጧት ኖሮ ይሻላት ነበር። አረፋው ጉንጫቸው ላይ እየደረቀ፣ ፊታቸውን ወደማያዩት መስታወት አዞሩ።

«ጮኼባታለሁ» አሉ ለራሳቸው እንደሚናገር ሰው። «እሷም ይቅር ይበሉኝ አለችኝ።»

እጀታውን በሁለት እጃቸው እንደያዙት ቆመው ቀሩ። ቁንጫ አፍንጫዋ ላይ የቀረውን አረፋ በእጅጌዋ ጠረገችና ወደ ጓዳ ሄደች።

እትዬ ወለሉ ላይ ተንበርክካ ክንዷን እስከ ትከሻዋ ድረስ ከቁምሳጥኑ ሥር ከታለች። ፀጉሯ ላይ የሸረሪት ድር ተንጠልጥሏል።

«መጣሽልኝ?» አለች ቀና ሳትል። «የአንቺ ክንድ ቀጭን ነው፤ እስቲ ወደ ጥግ ድረሽልኝ። ተንከባሎ ገብቶ ይሆናል።»

ቁንጫ ከጎኗ ተንበረከከች። እጇን ከቁምሳጥኑ ሥር አልሰደደችም፤ አቧራ የለበሰውን የአክስቷን ክንድ ይዛ ቀስ ብላ ወደ ውጭ ሳበችው።

«እትዬ» አለች። «አትፈልጊው።»