ደረቅ ክብ በጠመቃው ጓዳ

መምህር መለሰ እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ ጅግጅጋ፣ በወይዘሮ ንጋቷ ግቢ ባለችው መስኮት አልባ ጓዳ ሞቶ ተገኘ። ሰሌን ላይ በጎኑ ተኝቷል። ከራስጌው ጠላ የሞላባቸው ጋኖችና የስንዴ ቢራውን የጠመቀበት የፕላስቲክ በርሜል ተደርድረዋል። ቁስል የለበትም። ከንፈሩና ጥፍሮቹ ግን ከሕያው ሰው ይልቅ ቀልተዋል።

ኢንስፔክተር ፈርዶውሳ በሩ ላይ ቆማ ወለሉን አየች። ጋኖቹ እንዲቀዘቅዙ ሁልጊዜ ውሃ የሚረጭበት አፈር ነው። ከሰሌኑ አጠገብ ብቻ የሳህን ያህል ክብ ደርቋል።

ጎረቤት አጥሩ ላይ ተንጠልጥሎ ያንሾካሽካል። የሴትዮዋ ጠላ ገደለው ይላል። አንድ ፖሊስ የንጋቷን ክንድ ይዞ ወደ መኪናው ይመራቸዋል።

«ልቀቃቸው፤ የትም አይሄዱም» አለች ፈርዶውሳ።

«ጠላዋ ሰው ገደለ ከተባለማ እሄዳለሁ፣ ልጄ» አሉ ንጋቷ። «ጠላ ሽጬ ነው የምኖረው። ከእንግዲህ ማን ይጠጣልኛል?»

«እኔ መጠጥ ቀምሼ አላውቅም፣ ኤዶ» አለች በሶማሊኛ እንደ አክስት ጠርታቸው። «ስለዚህ መማር አለብኝ።»

በግቢው የሚሰበሰበው የጠመቃ ማኅበር አባላት አራት ነበሩ፤ ሟቹ የኬሚስትሪ መምህር፣ የግብርና ባለሙያው ደሬሳ፣ የባንክ ሠራተኛዋ ማህደርና ንጋቷ። በእረፍት ቀን እየተገናኙ የቢራ ዓይነቶችን ይማራሉ፣ ይጠምቃሉ፣ ይቀማመሳሉ። በቅርቡ ውድድር አድርገው ደሬሳ አሸንፏል። ሽልማቱ ድሬዳዋ ሄዶ በጠማቂነት መሠልጠንና መቀጠር ነው።

መጀመሪያ የተጠየቀው ደሬሳ ነው፤ አስከሬኑን ያገኘው እሱ ነበር።

«ቢራ ሲብላላ የሚወጣው አየር ነው የገደለው። በርሜሉ ሲፈላ ሰምቻለሁ» አለ። «በተዘጋ ቤት ትንፋሽ ያሳጣል። ይህን ያስተማረን መለሰ ራሱ ነው።»

«አስተምሮ ተኛበት?»

«ሰው ይዘነጋል። የጭሱም ሽታ አያሳስብዎት። ጠዋት እዚያው ጓዳ ውስጥ ጋን አጥኜ ነው።»

ፈርዶውሳ ስለ ጭስ አልጠየቀችም ነበር።

«ጠላ እንዴት ይጠመቃል? ከመጀመሪያው ይንገሩኝ።»

ደሬሳ ማስተማር ይወዳል። «ጋኑ ይታጠባል። ከዚያ አፉ ተደፍቶ በወይራ ጭስ ይታጠናል። ጌሾና ውሃ የሚገባው ከዚያ በኋላ ነው፤ ብቅሉና ቂጣው ይከተላል።»

«አመሰግናለሁ። ገብቶኛል።»

ማህደር የውድድሩን ጠርሙሶች አምጥታ ጠረጴዛ ላይ ደረደረች።

«ከመለሰ ጋር ተኳርፋችሁ ነበር ይባላል።»

«ጥቁሩን ቢራዬን ሬት ነው አለኝ። ብቅሉን አብዝቼ ቆልቼዋለሁ፤ ልክ ነበር። በዚህ ሰው አይገደልም።»

«ይሄኛውስ ለምን ደፈረሰ?»

«የሱ የስንዴ ነው። የኛ ቢራ ጋዙን የሚሠራው ጠርሙስ ውስጥ ነው፤ እርሾው ሥሩ ላይ ይቀራል።»

ፈርዶውሳ ጠርሙሶቹን አንድ በአንድ ወደ ብርሃን አነሳች። «የዚህ ሥር ንጹሕ ነው።»

ማህደር ጠርሙሱን ተቀብላ አየችው። «የደሬሳ ነው። መለሰም ትናንት እንዲሁ አንስቶ ሲያየው ነበር።»

«ለደሬሳ ነግሮታል?»

«መለሰ ሰውን ከኋላው አያማም። መጀመሪያ የሚነግረው ለራሱ ለሰውየው ነው።»

ንጋቷ ጓዳው ውስጥ የበርሜሉን ክዳን አነሱ። «ይሄ መብላላቱን ካቆመ ቆየ። ሲብላላ አረፋው ወደ ላይ ይገፋል፤ አሁን አተላው ወርዶ ተኝቷል። ጋኖቹም ጠርተዋል። መለሰ ይህን አይቶ ነው ምሳ በልቶ እዚህ ቀዝቃዛው ላይ ጋደም ያለው።»

«ባዶ ጋን አለ?»

«ከሐሙስ ወዲህ የለም።»

«የከሰል ማንደጃዎስ?»

«ግቢ ነው የሚውለው። ለቅሶ ደርሼ ስመለስ ግን ከጓዳው በር ጥግ አገኘሁት።»

ማምሻውን ከሆስፒታል ተደወለ። ፈርዶውሳ ሦስቱንም ግቢው ውስጥ ሰበሰበች።

«መለሰን የገደለው መጠጥ አይደለም» አለች። «ሐኪሙ የከሰል ጭስ ነው ብሏል፤ ከንፈሩን ያቀላውም እሱ ነው። የቢራው አየርም አይደለም፤ በርሜሉ መብላላቱን ጨርሷል። አቶ ደሬሳ ግን ሲፈላ ሰማሁ አሉ። የተኛው ሰው አጠገብ የጋመ ማንደጃ ተቀምጦ ነበር፤ እርጥቡን ወለል ያደረቀው እሱ ነው።»

«ማንደጃው የሳቸው ነው» አለ ደሬሳ ወደ ንጋቷ እያመለከተ።

«የሳቸው ነው። ሽታው ያስጨነቀው ግን እርስዎን ነው። ሳልጠይቅዎት ጋን አጥኜ ነው አሉኝ። ጋን የሚታጠነው ባዶውን ተደፍቶ እንደሆነ ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት። ከሐሙስ ጀምሮ እዚህ ቤት ጋኑ ሁሉ ሙሉ ነው። የትኛውን ነው ያጠኑት?»

ደሬሳ ወደ ጓዳው ዞሮ አየ።

«ያሸነፉበትም ቢራ አተላ የለውም። የፋብሪካ ቢራ ነው ጠርሙሱ ውስጥ የገለበጡት። መለሰ ደረሰበት።»

«ሰኞ ለሁሉም እናገራለሁ አለኝ» አለ ደሬሳ ዝግ ብሎ። «ከሽንሌ ደምበል፣ ከደምበል ኤረር፣ ወረዳ ለወረዳ ስመላለስ አረጀሁ። አንዲት መውጫ አገኘሁ፤ እሷንም ሊዘጋብኝ።»

ፖሊሱ ክንዱን ያዘው። አጥሩ ላይ ያለው ጎረቤት ግን አልተበተነም። ዓይኑ ንጋቷ ላይ ነው።

«የሱን በርሜል ልድፋው?» አሉ ንጋቷ ወደ ጓዳው እያዩ።

«አይድፉ።»

ሴትዮዋ ገብተው ከበርሜሉ አንድ ጣሳ ቀዱ። እስከ ግቢው በር ሄዱ። ሰው ሁሉ እያያቸው የመለሰን የስንዴ ቢራ እስከ መጨረሻው ጨልጠው ጠጡ፤ ጣሳውንም ባዶ መሆኑ እንዲታይ ደፍተው ያዙት።