አንድ እሳት የማይጥለው ጎራዴኛ

ኢንስፔክተር ሠርኬ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ያለው ጌም ቤት ስትደርስ ሙናዊር ባህረዲንን ኮምፒውተሩ ሥር በደረቱ ተደፍቶ አገኘችው። ማጅራቱ ተሰንጥቋል። የጌም ቤቱ መዝጊያ የሚወርድበት ረጅም ብረት ከጎኑ ወድቋል። ኮምፒውተሩ እንደበራ ነው፤ ጎራዴ የያዘ ሰውዬ ስክሪኑ ላይ ቆሞ ትእዛዝ ይጠብቃል።

ቅዳሜ፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ነበር፤ ዓመቱም 2002። ታች፣ በመርካቶው አብነት መንገድ ላይ የተሰበሰቡት ጎረምሶች «ዛኪርን አምጡልን!» እያሉ ይጮኻሉ። ደረጃው ላይ ያገኘችው የሟቹ አባት ሐጂ ባህረዲን ግን ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም። «ልጄን ሳይቀበር አታሳድሩብኝ» ነበር ያሏት። ሠርኬ ምንም ቃል ልትሰጣቸው አልቻለችም። ይህ አናደዳት።

ሃያ ሁለት ዓመት በፖሊስነት ስትሠራ አንድም ቀን ጌም ነክታ አታውቅም። ነገሩን ያስረዳት እዚያው መርካቶ ያደገው ሳጅን ጥጋቡ ነው።

«ጌሙ ከውጭ የመጣ ነው፤ እነዚህ ልጆች ግን ሆዱን ከፍተው በራሳቸው ሕግ ለውጠውታል። በጎራዴ የሚዋጋ አለ፣ በአስማት እሳት የሚወረውር አለ። ጎራዴኞቹ ‹በአንድ እሳት ያልቅልናል› ይላሉ። አስማተኞቹ ደግሞ ‹አንዴ ከተጠጉን አለቀልን፤ እሳቱን ከቀነሳችሁብን ምን ቀረን?› ይላሉ። ሰፈሩ ለሁለት ተከፍሎ ሊደባደብ ምንም አልቀረውም። ሁለቱን የሚያመዛዝነው ሙናዊር ነበር፤ ነገ ደግሞ ትልቁ ውድድር ነው።»

«በሁለት ጠበኞች መሃል ሚዛን የያዘ ሰው ከሁለቱም ወገን ጠላት አያጣም» አለች ሠርኬ።

መጀመሪያ ያስጠራችው ዛኪርን ነው። በእሳት ውርወራ ሁለት ዓመት ሙሉ ያልተሸነፈ፣ ቀጭንና ቁጡ ወጣት ነው።

«አራት ሰዓት ላይ መጣሁ። ተጫወትን፤ በአንድ እሳት ገደልኩት። ‹ከነገ ወዲህ እንዲህ አይቀጥልም› አለኝ። ‹እሳቴን ከምትቀንስ እጄን ቁረጠው!› አልኩት። ፎቁ በሙሉ ሰምቶኛል።»

«ከዚያስ?»

«አትክልት ተራ፣ አጎቴ ጋ ሄድኩ።»

«አጎትህ አይቶሃል?»

«አጎቴ ጎመን ሲያራግፍ እኔን አያይም። ማሰር ከፈለጉ እጄ ይኸው፤ ሰፈሩ እንደሆነ ፈርዶብኛል።»

ቀጥሎ ቢኒ ገባ። የሙናዊር የሥራ ባልደረባ ነው፤ የጎራዴውን ምቶች በሙሉ የሠራቸው እሱ ነው። ዓይኑ ቀልቷል።

«አምስት ሰዓት ሳይሞላ ወጣሁ። ሸማ ተራ፣ ለእናቴ ነጠላ ልገዛ።»

«ነጠላው የታለ?»

«በዋጋ አልተስማማንም። ስመለስ ቤቱ በፖሊስ ተሞልቷል።»

«በመሃል ተደዋውላችሁ ነበር?»

«ስልኬን ቤት ረስቼዋለሁ። ድምፁን ዳግመኛ አልሰማሁም።»

«ማን ይመስልሃል?»

«ዛኪር ነዋ! ሁለት ዓመት ሙሉ ብቻውን ሲፎክር ኖረ። አሁን ጎራዴኛው ጥሩር ለብሶ፣ አንዱን እሳት ችሎ ሲጠጋው ምን ይውጠዋል? በጌሙ ሊያቆመው ስላልቻለ በብረት መታው!»

ሠርኬ ቃሉን እንዳለ ጻፈችው።

የመጨረሻዋ የሙናዊር ታናሽ እህት ሱሀይር ነበረች። የተዋጊዎቹን መልክ የምትስለው እሷ ናት፤ አስከሬኑን ያገኘችውም እሷው ናት።

«አምስት ተኩል ላይ ሥዕል በፍላሽ አምጥቼለት ነበር» አለች። «ለጎራዴኛው አዲስ ልብስ። ‹እስከ ነገ ለማንም እንዳትናገሪ፣ ይደንግጡ› ብሎኝ እየሳቀ ሸኘኝ። ሰባት ሰዓት ላይ ምሳውን ይዤ ስመጣ...»

ሠርኬ አላስጨረሰቻትም።

አስከሬኑን የመረመረው ሐኪም ሟቹ የተመታው ስድስት ሰዓት ገደማ መሆኑን፣ የተመታውም ከኋላ መሆኑን ነገራት። ጥጋቡ ደግሞ ኮምፒውተሩን ሲፈትሽ አመሸ።

«ጌሙ ለመጨረሻ ጊዜ ተለውጦ የተቀመጠው አምስት ሰዓት ከሃምሳ ሁለት ላይ ነው። ከዚያ በፊት የነበረውም አለ። በእሱ ውስጥ አሥራ አራት የጎራዴ ምቶች ነበሩ፤ በአዲሱ ውስጥ ሦስት ብቻ ቀርተዋል።»

ሠርኬ ሁለቱንም እየቀያየረች አስጫወተችው። ስትጨርስ «ነገ ሦስት ሰዓት ላይ ሁሉንም ጥራልኝ» አለች።

በማግስቱ ሦስቱም በጌም ቤቱ ጠባብ ክፍል ተቀመጡ። እርስ በርስ የሚተያይ አልነበረም። ሠርኬ ዛኪርን ኮምፒውተሩ ፊት አስቀመጠችው።

«ጥጋቡ ጎራዴውን ይይዛል። አንተ እሳትህን ወርውር።»

«ዛሬ? በእሱ ወንበር ላይ ተቀምጬ?»

«ወርውር አልኩህ።»

ዛኪር ጥርሱን ነክሶ ወረወረ። እሳቱ ጎራዴኛውን መታው፤ ጎራዴኛው ግን አልወደቀም። ደረቱ ላይ የብረት ጥሩር አብለጨለጨ፤ ወደ አስማተኛው መገስገሱን ቀጠለ። ዛኪር እጁን ከኪቦርዱ ላይ አነሳ።

«ምንድን ነው የለበሰው? ይኼ አልነበረም!»

«አልነበረም» አለች ሠርኬ። «ሙናዊር እሳትህን አልነካብህም። ለጎራዴኛው ጥሩር አለበሰው፤ ጥሩሩ የመጀመሪያውን እሳት በግማሽ ይቀንሳል። ሱሀይር፣ ይህ ሥዕል እዚህ ቤት የገባው መቼ ነው?»

«ትናንት፣ አምስት ተኩል ላይ። ራሴ ነኝ ያመጣሁት። ከእኔና ከእሱ በቀር ማንም አላየውም፣ ማንም አልሰማም።»

«ስለዚህ ከአምስት ተኩል በፊት የወጣ ሰው ስለ ጥሩር ሊያውቅ አይችልም። ዛኪር እንደማያውቅ አሁን አይታችኋል። ቢኒ ግን አምስት ሰዓት ሳይሞላ ወጥቻለሁ፣ ስልክም አልተደዋወልንም ብሎኝ፣ ‹ጎራዴኛው ጥሩር ለብሶ፣ አንዱን እሳት ችሎ› አለኝ። ቃሉ እዚህ ተጽፏል።»

ቢኒ ከንፈሩን አረጠበ። «ሱሀይር ነግራኝ ይሆናል።»

«ውሸታም!» አለች ሱሀይር ተነስታ።

«ተቀመጪ። ለምን የሚለው ይቀራል» አለች ሠርኬ። «ትናንት ማታ የድሮዎቹን አሥራ አራት ምቶች ከአዲሱ ጥሩር ጋር አዋህደን ሞከርን። ጎራዴኛው አስማተኛውን ሁለተኛ እሳት ሳያስወረውር ይጨርሰዋል። ጥሩር የሰጠ ሰው ምቱን መቀነስ ነበረበት፤ አለበለዚያ ሚዛኑ ወደ ሌላው ወገን ይደፋል። ሙናዊርም አሥራ አንዱን አወጣቸው። ቢኒ፣ ተመልሰህ መጣህ፤ ከወንበሩ ኋላ ቆመህ አየህ። ሌላ ሰው ቢሆን ዞሮ ያየው ነበር። ለአንተ ግን ጀርባውን ሰጥቶ ሥራውን ቀጠለ።»

ቢኒ ስክሪኑ ላይ ወዳለው ጎራዴኛ ጠቆመ።

«ሁለት ዓመት! እያንዳንዷን ምት በራሴ እጅ እንጨት ይዤ፣ ራሴን በቪዲዮ ቀርጬ ነው የሠራኋት። እንኳን ሊያማክረኝ ቀና ብሎም አላየኝም። ‹ይከብዳል፣ ይወጣል› አለኝ፤ እንደ ቆሻሻ። ብረቱን መቼ እንዳነሳሁት አላውቅም።»

«ምቶችህን አላጠፋቸውም» አለች ሱሀይር።

ሁሉም ዞረው አዩዋት።

«ሥዕሉን ሳመጣለት ሌላ አዞኝ ነበር። ‹ጥሩር የማይለብስ፣ ፈጣን ጎራዴኛ ሳዪልኝ› አለኝ። ‹የቢኒ ምቶች የሚያምሩት እንደዚያ ባለ ሰው ላይ ነው› ብሎኝ ነበር። አስቀምጦልሃል።»

ቢኒ ወደ ኮምፒውተሩ ተንጠራራ። «የት? የት ነው ያስቀመጠው? አሳዪኝ።»

ሱሀይር ጎንበስ ብላ የኮምፒውተሩን ገመድ ከሶኬቱ ነቀለችው። ስክሪኑ ጠቆረ።

«እሱን ጠይቀኸው ቢሆን ያሳይህ ነበር» አለችው።

ጥጋቡ ካቴናውን አጠለቀለት። ዛኪር ማንንም ሳይሰናበት ወጣ፤ ትናንት ሲፈርዱበት የዋሉት ጎረምሶች ደረጃው ሥር ስሙን ሲጠሩት ዞሮ አላያቸውም። ሠርኬ መስኮቱ ሥር ቆማ ስልኳን አወጣች። ማዶ ያሉት ሰው ወዲያው አነሱ፤ ሌሊቱን ሙሉ ስልኩን ከእጃቸው ያላወረዱት ይመስል ነበር።

«ሐጂ» አለች ቀስ ብላ፣ «ሠርኬ ነኝ። መጥተው ልጅዎን ይውሰዱ።»