ሲያጥቡት የቀላው እድፍ

የቧንቧ ውሃ በሳምንት ሁለቴ ብቻ ብቅ በሚልበት ሰፈር ጀልባ ቆሞ ማየት ያስቃል። የቤቴል ሰውም ሲስቅ ነው የከረመው። ነጭ ጀልባ፣ ሞተሩ የተነቀለ፣ በተጎታች ላይ የተቀመጠ፣ ከአቶ አምሐ የወንበር ልባስ ቤት ግቢ ውስጥ አፍንጫውን ከቆርቆሮው አጥር በላይ አውጥቶ አንድ ወር ሙሉ መንገዱን ሲያይ ነበር። ከአየር ጤና የሚመጡት ተሳፋሪዎች ሳይቀሩ «ጀልባው ጋ ወራጅ አለ!» ማለት ለምደው ነበር። ሐሙስ ጠዋት ግን የሳቀ የለም። አቶ አምሐ እዚያው ጀልባ ወለል ላይ፣ ጭንቅላታቸው ከኋላ ተፈንክቶ፣ ሞተው ተገኙ።

ኢንስፔክተር ወለተጻድቅ ስትደርስ ሰማዩ ጠቁሮ ከብዷል። ከቆሼ ቆሻሻ መጣያ በኩል የመጣው ነፋስ ያን የታወቀ ሽታ ይዞ ግቢው ውስጥ ተኝቷል። ሴትየዋ ለጡረታ የቀረበች፣ መነጽሯን በክር አንገቷ ላይ ያንጠለጠለች፣ ሰው ሲያወራ የማታቋርጥ መርማሪ ናት። ይህ ዝምታዋ ስንቱን አስለፍልፎታል! መሰላሉን ወጣችና ጀልባው ውስጥ ቆመች።

ወንበሮቹ ዙሪያውን ነጭ ናቸው፤ ቆዳ የሚመስል ግን ላስቲክነት ያለው፣ ውሃ የማይዘልቀው ሰው ሠራሽ ልባስ። ከኋለኛው ወንበር ላይ መዳፍ የሚያህል ቀይ እድፍ አለ። ጠርዙ ተሰራጭቷል፤ ሰው ሊያጥበው ሞክሯል። ከእሱ ዝቅ ብሎ፣ ስፌቱ አጠገብ፣ የሻይ ቀለም ያለው አሮጌ ምልክት ይታያል። ወለሉ ላይ አንድ ምሳ ዕቃ ተገልብጧል።

«ጉዳዩ ያለቀ ነው፣ ኢንስፔክተር» አለ ረዳቷ ሳጅን ዳዊ። «ገዳዩ ደሙን ሊያጥብ ሞክሮ አልሆነለትም። በዚህ ግቢ ደግሞ እድፍ ማስለቀቅ ሥራው የሆነ አንድ ሰው ብቻ ነው ያለው።»

ያ ሰው የአቶ አምሐ ሠራተኛ ኪዳን ነው። እጁ በካቴና ታስሮ በሩ ሥር ተቀምጧል፤ እጅጌው ደም ነክቶታል። ከበሩ ውጭ ሳያት የተባለችው ሚስቱ ቆማለች። መውለጃዋ ደርሷል፤ ሆዷን በሁለት እጇ ደግፋ ወደ ውስጥ ታያለች። ወለተጻድቅ ስትመጣም አይታታለች፣ አሁንም አየቻት።

«አለቃህን ምን አደረግካቸው?»

«ምንም! ጠዋት በሩን ስከፍት ወድቀው አገኘኋቸው። ላነሣቸው ስል ነው እጅጌዬ የተነካው። ጋሼ አባቴ ማለት ናቸው።»

«ትናንት ግን ስትጨቃጨቁ ሰፈሩ ሰምቷል።»

«በቲነር ነው። አንዱን ወንበር በቲነር ወለወልኩት። እድፉ ለቀቀ፣ ግን ልባሱ ወዙ ጠፍቶ ደረቀ። ‹እድፉን ከነቆዳው ልትገፈው ነው ወይ?› ብለው ጮኹብኝ። እውነታቸውን ነው።»

«በምን ነው መታጠብ ያለበት?»

ኪዳን ካቴናውን ረስቶ በእጁ ሊያሳያት ሞከረ። «ለብ ባለ ውሃና በፈሳሽ ሳሙና፣ በለስላሳ ስፖንጅ ቀስ አርጎ። ከዚያ በጨርቅ ማድረቅ፤ እርጥቡን ካደረ ይሻግታል። ሲደርቅ መከላከያውን ቀብቶ ጨርቅ ማልበስ ነው። ብሩሽና የዱቄት ሳሙና እዚህ ግቢ አይገባም። ልባሱን ይቧጭሩታል፣ የተቧጨረ ደግሞ እድፍ ይጠጣል ይሉ ነበር ጋሼ።»

ዳዊ ግቢውን እየዞረ ፈተሸ። እውነትም አንድም ብሩሽ፣ አንድም የዱቄት ሳሙና አላገኘም።

ጎረቤቱ ሽኩር ብረት በር የሚሠራ ጎልማሳ ነው። ከሟቹ ጋር አይስማሙም ይባል ነበርና እሱም ተጠራ።

«ቀለም ስነፋ ‹ወንበሬ ላይ ይበንብኛል› ይለኛል፣ እኔም እመልሳለሁ። ወላሂ ከዚያ ያለፈ የለም! ጎረቤት አይደለን እንዴ፤ ተጯጩኸን ሻይ እንጠጣለን።»

«ትናንት ማታ ምን ሰማህ?»

ሽኩር ፊቱ ተለወጠ። «መግሪብ ሰግጄ ስመለስ ሲፈገፈግ ሰማሁ። በብሩሽ። ያላንዳች እረፍት፣ እንደ እብድ። አምሐ እያመሸ ነው ብዬ አለፍኩ። ምናለ ባንኳኳ ኖሮ!»

«በብሩሽ መሆኑን እርግጠኛ ነህ?»

«ቀኑን ሙሉ ዝገት የምፈገፍግ ሰው ነኝ እኮ።»

የሟቹ ባለቤት ወይዘሮ ኤልሳቤጥ ጎረቤቶቿ ደግፈዋት መጣች። ወለተጻድቅ ኩርሲ አስመጣችላት፤ ራሷም አጠገቧ ቁጭ አለች።

«እግዚአብሔር ያጽናሽ እህቴ። ምሳ ዕቃው ያንቺ ነው?»

«የኔው ነው። ትናንት ረቡዕ አይደል? አመሻለሁ ስላለኝ ክክ አልጫ ላኩለት።» እንባዋን ጠረገች። «ደግሞ እንደማይበላው አውቄያለሁ። ከማክሰኞ ወዲህ ሰውም አልነበረ። ‹ይህ እድፍ ከላይ የመጣ አይደለም› አለኝ፤ ‹ከውስጥ ነው የሚወጣው፤ ብናጥበው ብናጥበው ይመለሳል።› ታዲያ ይመለስ፣ አንተን ምን አሳመመህ ብለው፣ ‹የእናቷ ነገር ነው› አለኝ።»

«የማን እናት?»

«አልነገረኝም። ምነው ይዤ በጠየቅኩት!»

እኩለ ቀን ላይ የጀልባው ባለቤት ባምላኩ ከሐይቅ ዳር ሎጁ መጣ። ረጅም መኪና፣ የተተኮሰ ሸሚዝ፣ ሐዘን የሚመስል ፊት። የነፍስ ይማር ቃሉን ሳይጨርስ ስለ ጀልባው ጀመረ።

«ዛሬውኑ ልውሰዳት፣ ኢንስፔክተር። እንግዶች ይጠብቁኛል። ደም የነካውን ወንበር አስጥለዋለሁ፣ ጣጣ የለውም።»

«ጣጣማ አለው። ትናንት የት ነበሩ?»

«ሎጄ ነዋ። ጀልባዋን ካስረከብኩ ወዲህ ይህን ግቢ አልረገጥኩም።»

ወለተጻድቅ በጀልባው አፍንጫ በኩል ያለውን የተቆለፈ ሣጥን አመለከተች። «እዚያ ውስጥ ምንድን ነው ያለው?»

«ገመድ፣ መልህቅ፣ የሎጁ ልጆች ወንበር የሚያጥቡበት ዕቃ። ቁልፉ ከኔ እጅ ወጥቶ አያውቅም፤ ሠራተኛ ካመኑት ይሰርቃል።» ቁልፎቹን ኪሱ ውስጥ አንቃጨለ።

«አመሰግናለሁ» አለች። ሣጥኑ አጠገብ አንድ ፖሊስ አቆመች።

ያን ጊዜ ስልኳ ጮኸ። አለቃዋ ነው። ኪዳን ነገ ፍርድ ቤት ይቅረብ አለ፤ የላቦራቶሪው ውጤት እስኪመጣ በማረፊያ ቤት ይቆያል። ወለተጻድቅ «እሺ ጌታዬ» ብላ ዘጋችና በሩን አየች። ሳያት ደክሟት ድንጋይ ላይ ተቀምጣለች። ያቺ ልጅ ብቻዋን ምጥ ሊይዛት ነው? ወለተጻድቅን እልህ ያዛት።

ተመልሳ ጀልባው ውስጥ ገባች። ቀዩን እድፍ ለብቻዋ ስታየው ቆየች። ደም አድሮ ይጠቁራል፣ ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል። ይህ ግን ቀይ ነው፤ ልክ እንደ… ልክ እንደ ምን? ልጆቿ ሕፃናት ሳሉ የምታጥበው የደረት ጨርቃቸው ትዝ አላት። ፈገግ ልትል ምንም አልቀራት።

«ዳዊ! ከሱቅ ሎሚ ግዛልኝ።»

«ሎሚ?»

«ሎሚ። አንድ ፓኬት የዱቄት ሳሙናና ብሩሽም ጨምር።»

ከእድፉ በጥጥ ናሙና ተወስዶ፣ ፎቶም ተነሥቶ ነበርና፣ ጠርዙ ላይ አንድ ጠብታ ሎሚ ጣለች። የሆነውን ማስታወሻዋ ላይ ጻፈች። ከዚያ ወንበሩን ከሥሩ ገልብጣ መረመረችው። ልባሱን ከእንጨቱ ጋር የሚይዙት ሚስማሮች ተነቅለው እንደ አዲስ ተመትተዋል። በሚስማር መንቀያ አንሥታ ስፖንጁን ገለጠች፤ ከውስጡ አንድ ትንሽ ነገር አውጥታ በማስረጃ ከረጢት ከተተች። ወደ ሎጁ ስልክ ደወለች፤ ጀልባው ጥግ ቆማ ዝቅ ባለ ድምፅ ብዙ ጠየቀች።

ከሰዓት በኋላ ሁሉንም ግቢው ውስጥ ሰበሰበቻቸው። ለዕድሳት የመጡ የታክሲ ወንበሮች ነበሩና እነሱ ላይ ተደረደሩ፤ ኪዳን ከነካቴናው። ጠረጴዛ ላይ የነጭ ልባስ ቁራጭ ተዘርግቷል። መሐሉ ላይ ቢጫ እድፍ አለ፤ አጠገቡ ብሩሽና የዱቄት ሳሙና።

«አቶ ባምላኩ፣ ይህችን ቢጫ እድፍ ያጥቡልኝ እስቲ» ብላ ብሩሹን ዘረጋችለት።

ባምላኩ ቢጫውን አየ፣ ሳሙናውን አየ። እጁን ወደ ኋላ ሰበሰበ። «ተይው፣ አይለቅም። ባሹት ቁጥር እየቀላ ነው የሚሄደው።»

ወለተጻድቅ ብሩሹን ወደ ጎረቤቱ አዞረች።

«እስቲ ሽኩር፣ አንተ እሸው።»

ሽኩር ፈገፈገው። ቢጫው በሳሙናው ውስጥ ብርቱካናማ ሆነ፣ ከዚያ ቀላ። «አስታግፊሩላህ!» ብሎ ብሩሹን ጣለው። ወይዘሮ ኤልሳቤጥ ግን አልደነገጠችም። «እርድ ነው እኮ! የልብስ ሳሙና ሲነካው ይቀላል። ስንት ነጠላ አበላሽቶብኛል!»

«አዎ፣ ያንቺው አልጫ ነው» አለች ወለተጻድቅ። «ወጥ የሚሠራና ልብስ የሚያጥብ ሰው ያውቀዋል። እርስዎ ግን አቶ ባምላኩ፣ ውሃ እንኳ በእጅዎ የማይቀዱ ሰው፣ ይህን ከየት አወቁ?»

«ሰምቼ… ሰዎች ሲያወሩ።»

«አይደለም፤ ትናንት በዓይንዎ አዩት። ልንገርዎት። ቀዩ እድፍ ላይ ሎሚ ጣልኩበት፤ ተመልሶ ቢጫ ሆነ። ደም በሎሚ ቢጫ አይሆንም። ስለዚህ ገዳዩ የተረጨውን ደም ሊያጥብ ሲፈገፍግ ሳሙናው የፈሰሰውን አልጫ ነካው። ወንበሩ ቀላ። ደም ነው ብሎ ደነገጠ፣ ጨምሮ ፈገፈገ። እየባሰ ቀላ። ሽኩር የሰማው ያንን ነው። አሁን ማን ነው በብሩሽና በዱቄት ሳሙና የሚያጥበው? ኪዳን ቢሆን ስፖንጁና ፈሳሽ ሳሙናው እጁ ሥር ነበር። ግቢው ውስጥ ብሩሽ የለም፤ የዱቄት ሳሙናም የለም። ያለው አንድ ቦታ ነው፣ እዚያ ሣጥን ውስጥ። ቁልፉ ደግሞ ከእጅዎ ወጥቶ አያውቅም። እርስዎ ነዎት ያሉት።»

ዳዊ ቁልፉን ተቀብሎ ሣጥኑን ከፈተው። የሳሙናው ፓኬት ርሶ ጓጉሏል። የብሩሹ ፀጉር ቀልቷል። ከሥር በጨርቅ የተጠቀለለው መልህቅ ጨርቁ ላይ የተወው ቀለም ግን እርድ አልነበረም።

«ለምን?» አለች ኤልሳቤጥ፤ ድምፅዋ ተሰበረ። «ምን አደረገህ አምሐ?»

ወለተጻድቅ ናት የመለሰችላት። «ቀዩን ሁሉም ደም ነው አለ፣ አልነበረም። ያን የሻይ ቀለም ያለውን አሮጌውን ግን ማንም አላየውም። ደሙ እሱ ነው። በስፌቱ ሾልኮ ስፖንጁን አርሶታል፤ ከላይ ሲታጠብ እርጥበቱ ከውስጥ መልሶ ያወጣዋል። አቶ አምሐ ወንበሩን ሲፈቱ የአንዲት የሎጅ ሠራተኛ የደረት መለያ አገኙ። ‹ፈይዛ› ይላል፤ መልሰው እዚያው አኑረውት አገኘሁት። ዛሬ ከሎጁ እንደሰማሁት፣ ደውለው ማን ናት ሲሉ፣ አምና ብቻዋን ስትዋኝ ሰጠመች፣ እናቷ እስካሁን ሐይቁ ዳር ትቀመጣለች ተባሉ። ጀልባዋ በዚያ ቀን ከቦታዋ አልተነቃነቀችም ብሎ ለፖሊስ ቃል የሰጠው የጀልባዋ ባለቤት ባምላኩ ነው። አቶ አምሐም ሐቀኛ ሰው ናቸውና ለፖሊስ ከመናገራቸው በፊት ትናንት እሱኑ ወደዚህ ጠርተው ጠየቁት።»

ባምላኩ ላብ አጥምቆታል። «ሆን ብዬ አይደለም» አለ። «ፈጥኜ ስዞር ወደቀች፣ ጭንቅላቷን ተመታች… ሕይወቷ ያለፈ መስሎኝ ሐይቁ ውስጥ…»

«ትተነፍስ ነበር?»

ባምላኩ አንገቱን ደፋ። ዳዊ የኪዳንን ካቴና ፈትቶ እዚያው በባምላኩ እጅ ላይ ቆለፈው። ኪዳን ወደ በሩ ሮጠ። ሳያት ደረቱ ላይ ተደፍታ በጩኸት አለቀሰች፤ የቆመው ሁሉ አብሮ አለቀሰ።

በማግሥቱ ኪዳን ወንበሩን ሳይጎዳ እንዲነቅል ተጠራ። ነቅሎም ፖሊስ ጣቢያው ግቢ አስቀመጠው። ሰማዩ ጠርቶ ነበር፤ እርድ ፀሐይ አይችልምና እሱን ያሳሰረው እድፍ ቀስ በቀስ ደበዘዘ። አሮጌው ግን እንዳለ ቀረ።

ከሰዓት በኋላ አንዲት ሻርፕ የተከናነቡ እናት ከሐይቁ መጡ። ወንበሩ ፊት ተንበርክከው በጣታቸው ዳሰሱት። ኪዳን ጎንበስ ብሎ «እማማ፣ ይህ እንኳ በምንም አይለቅም» አላቸው።

«አይልቀቅ ልጄ» አሉት። «ዓመት ሙሉ እዚህ ጀልባ ላይ አልነበረችም ሲሉኝ ነው የኖርኩት።» የሻርፓቸውን ጫፍ አንሥተው እድፉ ላይ የሰፈረውን አቧራ ብቻ ጠረጉ።