አንድ ገጽ የቀረው ኮምፒውተር

የሆስፒታሉ መድኃኒት ማቀዝቀዣ ባዶ ነበር።

የጠፋው የካንሰር መድኃኒት ነው። ተራቸው የደረሰ ሕመምተኞች ኮሪደሩ ላይ ተደርድረዋል። የግምጃ ቤቱ ኮምፒውተር ግን «ተበላሽቶ ተወግዷል» ይላል። አስወጋጁ ማን ነው ቢባል፣ ሁሉም እቴቴ የሚሏቸው የግምጃ ቤቱ ኃላፊ ስም ወጣ። እቴቴ ምሳቸውን ሳይጨርሱ ታሰሩ።

መርማሪዋ ግን መጀመሪያ የጠረጠረችው መድኃኒት የሚያመላልሰውን የሆስፒታሉን ሹፌር ነበር።

«መኪናዬ ጋራዥ ነው የከረመችው» አለ ሹፌሩ። «በትከሻዬ ተሸክሜው ሸሸሁ እንዴ? ይልቅ እቴቴን ልቀቋቸው። የሰው ነገር የሚነኩ ሰው አይደሉም።»

ጋራዡም ቃሉን አረጋገጠ። መርማሪዋ ወደ እቴቴ ተመለሰች።

«ስምዎ አለበት።»

«ስሜማ ቀኑን ሙሉ እዚያው ነው። ጠዋት እከፍተዋለሁ፣ ሁሉም ይሠራበታል።»

«ለምን በየራሳቸው ስም አይገቡም?»

«ድሮ እንደዚያ ነበር። ስክሪኑ አንድ ቢሆንም ውስጡ ስድስት ገጽ ነበረው። አንዱን ቁልፍ ስትጫኚ የእኔ ይመጣል፣ ሌላውን ስትጫኚ የፋርማሲስቷ። በኋላ የኮምፒውተር ባለሙያው አንድ ብቻ አስቀረልን። ታዲያ ሕመምተኛ እያቃሰተ አንዳችን ዘግተን እስክንወጣ ሌላው ቆሞ ይጠብቅ?»

ባለሙያውን ጠረጴዛ ሥር ገመድ ሲፈታ አገኘችው።

«ገጾቹን ለምን ቀነስካቸው?»

«ማሽኑ አሮጌ ነው። ሊኑክስ የሚባለው ሲስተሙ ሲነሳ ስድስት ኮንሶል፣ ያው ስድስቱን ገጽ ይከፍታል፣ ሚሞሪ ይበላል። አንድ ብቻ እንዲከፍት አደረግኩት።»

«እስቲ ስድስቱን መልሳቸው።»

መለሳቸው። ማሽኑ እንደ ቅድሙ እያዘገመ ተነሳ። ስክሪኑ ላይ የሚታየው ትርፍ ሚሞሪም ያው ነበር ማለት ይቻላል።

«ያተረፍከው ኢምንት ነው» አለች መርማሪዋ። «የቀነስከው ደግሞ መድኃኒቱ ሊጠፋ ሳምንት ሲቀረው። ሰዉን ሁሉ በእቴቴ ስም ውስጥ ከተትከውና ተደበቅክበት።»

ባለሙያው ወደ በሩ አይቶ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«እህቴን ካንሰር ይዟት ነበር። ተራዋ ሩቅ ነበር። መድኃኒቱን በኮምፒውተር ካርቶን ደብቄ አወጣሁት። ቤት መብራት ጠፋና መድኃኒቱ ተበላሸ። እሷንም ቀበርኳት።»

«ይህን ጣቢያ ሄደህ ትደግመዋለህ።»

«አልደግመውም። ልጆቿ እኔ ጋ ናቸው። እኔ ከታሰርኩ ማን ያሳድጋቸዋል? ከእርስዎ በቀር ደግሞ የሰማኝ የለም።»

እውነትም አልደገመውም። ዐቃቤ ሕጉ መርማሪዋን ሰምቶ ራሱን ነቀነቀ። «ገጽ መቀነስ ወንጀል አይደለም። ማሽኑ የሚያውቀው አንድ ስም ነው» አለ። ያ ሁሉ ልፋት ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ ሆነ። እውነቱ ተገኝቶ ምንም አለመጥቀሙ ከመጥፋቱ ይልቅ ያንገበግባል።

መርማሪዋ እስር ቤት ሄዳ ለእቴቴ አንድም ሳታስቀር ነገረቻቸው።

«አንቺስ ታምኚኛለሽ፣ ልጄ?»

«አምንዎታለሁ።»

«እንግዲያው ለልጄ ንገሪልኝ። እናቴ ሌባ ናት ብሎ መምጣቱን ትቷል።»

ሄዳ ነገረችው። ልጁ በሩን እንደያዘ እስከ መጨረሻው አዳመጣት።

«ስሟ አለበት አይደል?» አለና ዘጋው።