ሦስት ኪሎ አደራ

ውሸት ነው የምትሉ ከአሁኑ ሂዱ። እመኑኝ ብዬ የምለምነው ሰው የለኝም።

ይህ የሆነው በእኔ ቤት፣ በእኔ ዓይን ፊት ነው። ሎስ አንጀለስ፣ ፌርፋክስ፣ ከሀበሻ ምግብ ቤቶቹ ጀርባ ባለው አፓርትመንት፣ ሁለተኛ ፎቅ። በፈረንጅ 2016፣ ነሐሴ፣ ቅዳሜ ከጠዋቱ አራት ሰዓት።

በጠራራ ፀሐይ። ጨለማ ነው ያሳሳተሽ የሚል እንዳይኖር።

ፊደል አልቆጠርኩም። እኔ እናገራለሁ፣ ጎረቤቴ ቤተል ትጽፋለች። ከራሷ አንድ ቃል ብትጨምር ታውቀኛለች።

የልጄ ልጅ ሶሊያና ነርስ ናት። እናቷ ስለሞተች ያሳደግኳት እኔ ነኝ። ከሥራ ጓደኞቿ ጋር ዩጋንዳ ሄዳ ጫካ ውስጥ ጎሪላ ልታይ ተነሳች። በረራዋ በማግስቱ እሑድ ነበር።

ሁለት ሳምንት ሙሉ ተጣላን። አውሬ ለማየት ባሕር የሚሻገር ሰው አላየሁም አልኳት። አንቺ ምን አይተሽ ታውቂያለሽ አለችኝ።

ሻንጣዋን ግን ከእኔ ሌላ የሚከት የለም አልኩ።

ከፌርፋክስ እስከ ፓልምስ ሰፈር መንገደኛ ሁሉ ሻንጣውን ጎትቶ የሚመጣው እኔ ዘንድ ነው። ሚዛን አልፈልግም፤ ክንዴ ሚዛን ነው። ሃያ ሦስት ኪሎ ካልኩ ኤርፖርትም ሃያ ሦስት ይላል።

አንድ ሕግም አለኝ። የሰው አደራ አይከፈትም። ሰላሳ ዓመት አደራ አሳልፌያለሁ፣ አንዱንም ከፍቼ አላውቅም።

ሶሊያና የሚያስፈልገውን ነግራኝ ወደ ሥራ ሄደች። ሱሪው የሚከተትበት ረጅም ካልሲ። ቢጫ የዝናብ ልብስ። አዲስ ቡት ጫማ። ወፍራም የአትክልተኛ ጓንት፣ ጫካው ሳማ ስለሆነ።

ሰው ገንዘብ ከፍሎ ሳማ ውስጥ ይገባል።

የግራውን ቡት ማሰሪያ ላይ ቀይ ክር ቋጠርኩበት። የእኔ ምልክት ነው። ሦስት ጊዜ ዞሮ በራሱ ውስጥ የሚያልፍ ቋጠሮ፣ ከእናቴ የተማርኩት። እዚህ አገር ሌላ የሚያውቀው የለም።

ሻንጣውን አነሳሁት። ሃያ ኪሎ።

ያኔ ነው በሩ የተንኳኳው።

ሦስት ጊዜ... ቀስ ብሎ።

የታችኛው ጌት ደወል አለው። ደወሉ አልጮኸም።

ከፈትኩ። አንዲት ሴት ቆማለች። ሀበሻ ናት፣ ግን አላውቃትም። እኔ የማላውቀው የፌርፋክስ ሀበሻ የለም።

የቀሚሷ ጫፍ ውኃ ያንጠባጥባል።

ሎስ አንጀለስ ዝናብ ካየ ወራት አልፎታል።

ግቢ አልኳት። አልገባችም። ውኃ ልስጥሽ አልኳት። ራሷን ነቀነቀች። በሁለት እጇ የታሸገ ዕቃ ዘረጋችልኝ። እጆቿ አባብጠዋል፣ ነጫጭ ሽፍታ ወጥቶባቸዋል።

አገሬ ገጠር ነው። ሳማ የለበለበው እጅ አውቃለሁ።

"ነገ የምትሄደው ልጅ ታድርስልኝ" አለች በሹክሹክታ። "ሦስት ኪሎ ነው። ክንድዎ ያውቀዋል።"

"ለማን ነው የምትሰጠው?"

"ስሙ ላዩ ላይ ተጽፏል፣ እትዬ ሣህሊቱ።"

አየሁት። ቡናማ ፕላስተር፣ በላዩ ጥቁር ጽሕፈት። ማንበብ አልችልም ማለት ነበረብኝ።

አላልኩም። ለማላውቃት ሴት? እኔ?

"ይደርሳል" አልኳት። ተቀበልኩ።

ሻንጣው ውስጥ ከትቼ ዞር ስል ሴትዮዋ የለችም፤ ደፉ ላይ ውኃ ተኝቷል። ደረጃው ግን ከላይ እስከ ታች... ደረቅ።

ወረድኩ። አምሃ ፊት ለፊት ካለው ፓርኪንግ ተቀምጧል፣ መኪና ጠባቂ ነው። በጌቱ ፍርግርግ ጠርቼ አሁን የወጣችው ሴት በየት ሄደች አልኩት።

"ሴት አልወጣችም" አለ። ጌቱ ሶሊያና ከወጣች በኋላ ተበላሽቶ አልከፈት ብሏል፣ ጠጋኝ እየተጠበቀ ነው አለኝ። ከዚያ ሳቀ። "እትዬ፣ ዛሬ በጠዋቱ ቀማመሱ እንዴ?"

"መኪና ጠብቅ ተባልክ እንጂ አፌን አሽትት ተባልክ?" አልኩትና ተመለስኩ።

ሻንጣውን አነሳሁት። ሃያ ሦስት ኪሎ። ልክ።

አሥራ ሁለት ሰዓት ሲሆን ሶሊያና ገባች። ፀሐይ ገና አልጠለቀችም። ዕቃውን አሳየኋት። ለማን እንደሆነ አንብቢና ያዢ አልኳት።

አነበበች። ደግማ አነበበች።

"ምነው?"

"እማማ... የኔ ስም ነው።"

"ሌላ ሶሊያና ትሆናለች።"

"የእጅ ጽሑፉም የኔ ነው።"

መቀስ አነሳች። እጇን ያዝኩ። አደራ አይከፈትም አልኩ። በስሜ የመጣ ለኔ ነው ብላ እጇን መነጨቀችና ቀደደችው።

ቢጫ የዝናብ ልብስ፣ ጀርባው የተተረተረ።

አንድ ጓንት። የቀኝ።

ቡት ጫማ። ጭቃ የጠጣ፣ ሶሉ የተላጠ።

አዲሱ ቡት ሻንጣው ውስጥ ከነወረቀቱ አለ። አወጣሁት፣ ጎን ለጎን አደረግኋቸው። አንድ ናቸው። በአሮጌው የግራ ማሰሪያ ላይ ክር አለ። የደበዘዘ... ቀይ።

ሦስት ጊዜ ዞሮ፣ በራሱ ውስጥ ያለፈ።

ሶሊያና ክሩን አየች፣ ከዚያ እኔን አየችኝ። እንደዚያ ያለ ጥላቻ ከራሴ ሥጋ አይቼ አላውቅም።

"ይሄ ያንቺ ቋጠሮ ነው" አለች። "እንዳልሄድ ብለሽ ነው። ጽሑፌን ማን አስመስሎ ጻፈልሽ?"

በእናትሽ አፈር ማልኩላት። እናቴን አታንሺብኝ አለችና ሻወር ልትገባ ሄደች። ነገ እሄዳለሁ፣ ከአንቺ ጋር ቁጭ ብዬ አላረጅም አለች፣ በሩን ከውስጥ እየቆለፈች።

ውኃው ሲፈስ ይሰማኛል።

ፓስፖርቷን ከቦርሳዋ አወጣሁ። ባልዲ ውስጥ በረኪና ሞላሁ። ነከርኩት። ቅጠሉ ነጭ እስኪሆን በእንጨት እያማሰልኩ ጠበቅሁ።

እኔ ነኝ ያደረግሁት። አልክድም። ዛሬም ቢሆን እደግመዋለሁ።

ሶሊያና ከሻወር ወጥታ ባልዲውን አየች፣ አልጮኸችም። ሻንጣዋን ዘግታ በር ላይ ቆመች።

"ከዛሬ ጀምሮ አያት የለኝም።"

ፓልምስ ቤት ተከራየች። ጓደኞቿ ሄደው ጎሪላ አይተው በሰላም ተመለሱ። አንዱም እሾህ አልወጋውም። ፌርፋክስ ሳቀብኝ። ሣህሊቱ ጃጀች፣ ልጅቱን አሠረች አሉ። ሻንጣ የሚያመጣልኝም ጠፋ። ይጥፋ።

ዕቃውን አልጣልኩትም። አደራ አይጣልም። የተቀደደውን አሸግሁት፣ በቀይ ክር በራሴ ቋጠሮ አሠርኩት፣ ቁም ሳጥን ውስጥ አስቀመጥኩት። ሦስት ዓመት ሙሉ ቅዳሜ ቅዳሜ አነሳዋለሁ። ሦስት ኪሎ። ሁልጊዜ ሦስት ኪሎ።

ሦስት ኪሎ እስከሆነ ድረስ ልጄ ደኅና ናት እል ነበር።

ባለፈው ሰኞ፣ ጠዋት አራት ሰዓት፣ ቤተል መጣች። ቁጭ በይ ብላት አልተቀመጠችም።

ሶሊያና አዲስ ፓስፖርት አውጥታ ሄዳለች አለችኝ። ሳምንት ሆኗታል። ያንኑ ሻንጣ ይዛ፣ ያንኑ ቡት ይዛ። ጫካ የሚገቡት ዛሬ ነበር፣ እዚያ አሁን መሽቷል።

ደውይላት አልኩ። ደወለች። ይጠራል... ይጠራል... አይነሳም።

ቁም ሳጥኑን ከፈትኩ። ዕቃውን አነሳሁት።

ክንዴ ባዶውን ወደ ላይ ሄደ።

ፕላስተሩ እንደታሸገ ነው። ቋጠሮዬ አልተነካም። መቀስ አምጪ አልኳት ቤተልን። ተቀብያት ራሴ ቆረጥኩት።

ቡቱ የለም። የዝናብ ልብሱ የለም።

ጓንቱ ብቻ አለ። እርጥብ ነው።

እጄን ከተትኩበት።

ውስጡ ሙቅ ነበር... ሶሊያና እጇን አሁን እንዳወጣች።