ከዱራ ወዲያ የወደቀው ዳኮታ

በረዶው የአውሮፕላኑን አፍንጫ መደብደብ የጀመረው ከአሶሳ በተነሱ በሃምሳኛው ደቂቃ ነበር። ካፒቴን አስማረ መሪውን በሁለት እጁ ጨብጦ አፈጠጠ። ከመስታወቱ ማዶ ሰማይም ምድርም የለም፤ ጥላሸት የመሰለ ደመና ብቻ። ከደመናው ኋላ የዳንግላ ደጋ እንደ ግድግዳ ተገትሮ እንደሚጠብቀው ግን ያውቃል።

«ቀኙ ሞተር እየሞተ ነው!» ብሎ ጮኸ ረዳት አብራሪው ደርበው።

ሞተሩ ተንገጫገጨ፣ ጭስ ተፋና ጸጥ አለ። አሮጌው ዳኮታ አውሮፕላን ቡና የጫነ ነው፤ በአንድ ሞተር ደጋውን አይዘልም። አስማረ አዙሮ ወደ ቆላው መለሰው። ከደመናው ሥር ሲወጡ ሰፊ የሣር ሜዳ ከፊታቸው ተዘረጋ።

«ነዳጁን ዝጋ! ሁላችሁም ጎንበስ በሉ!»

አውሮፕላኑ በሆዱ ወደቀ። ሣሩን እየላጨ፣ ድንጋይ እየፈነቀለ ተንሸራተተና በቀኝ በኩል ከአንድ ትልቅ ኩይሳ ጋር ተላተመ። ከዚያ በኋላ የሚሰማው የነዳጅ ጠብታ ብቻ ነበር።

አስማረ መጀመሪያ የኤሌክትሪኩን ማብሪያ አጠፋ፤ ቀጥሎ ሰው ቆጠረ። እርሱን ጨምሮ አራት ናቸው፤ አራቱም ይተነፍሳሉ። የደርበው ቀኝ እግር ግን ከጉልበቱ በታች ተሰብሮ አጥንቱ ቆዳውን ቀዶ ወጥቷል። ሬዲዮው እንክትክት ብሏል።

ከሁለቱ ተሳፋሪዎች አንዷ እትዬ ውዴ ነበሩ፤ የቻግኒ አገር ተወላጅ፣ አሶሳ የበሽታ ክትባት ሲሰጡ የከረሙ የጤና ድሬሰር። የነጠላቸውን ጥለት ቀደው ቁስሉን አሰሩ። «በሦስት ቀን ሕክምና ካላገኘ» አሉ አስማረን ገለል አድርገው፣ «የሚሄደው እግሩ ብቻ አይደለም።»

ሌላው ተሳፋሪ ፊታውራሪ ገበየሁ ናቸው፤ ብዙ ዘመን በዳኝነት የኖሩ፣ ሲናገሩ ሰው ቀና ብሎ የማያያቸው። ጠዋት አሶሳ ሜዳ ላይ አስማረ በስተምሥራቅ የተቆለለውን ደመና አይቶ «ነገ ብንነሳ ይሻላል» ቢላቸው፣ «ከበላይ ተጠርቻለሁ። ስምህን ለአለቆችህ ላንሳ?» ብለውት ነበር። የካፒቴንነት ማዕረጉን ካገኘ አምስት ወሩ ነው። ዝም ብሎ ሞተሩን አስነሳ።

በማግሥቱም ሰማዩ እንደተከደነ ነጋ። ፈላጊ አውሮፕላን ቢመጣ እንኳ እንደማያያቸው አስማረ ገባው። ሁለት የሽመል ቀርከሃ ቆርጦ በመጋረጃ ጨርቅ ቃሬዛ ሠራ።

«ልጁን ከጥላ ሥር እናስተኛው» አሉ ፊታውራሪው ምንሽር ጠመንጃቸውን እያነገቱ። «ደርሰን ሰው እንልክለታለን።»

«አብረን ተነስተናል፣ አብረን እንሄዳለን። የቃሬዛውን ጫፍ ይያዙ» አለ አስማረ።

ፊታውራሪው የሚያዝዛቸውን ሰው ጥቂት አፍጥጠው አዩት። ከዚያም ጎንበስ ብለው ያዙ።

ኮምፓሱን እያዩ ወደ ምሥራቅ፣ ወደ ቻግኒ አገር ተጓዙ። ምድሩ ሰደድ እሳት ያለፈበት ነው፤ ከከሰለው ጉቶ መሐል አዲስ ሣር ብቅ ብቅ ብሏል። ሙቀቱ ከመሬት እየተነሳ ፊት ይገርፋል። ሽመሉ የአስማረን ትከሻ ልጦ ሸሚዙ ደም አዘለ። አራት ሰዓት ግድም ቆቆቹ ባንድ ጊዜ ዝም አሉ።

«ወደ ኋላ አትዩ» አሉ እትዬ ውዴ ቀስ ብለው። «ከነጋ ጀምሮ እየተከተለን ነው።»

አስማረ ዞረ። ጎፈሩ የሳሳ አሮጌ አንበሳ፣ የጎን አጥንቱ እየተቆጠረ፣ ሠላሳ እርምጃ ርቀት ላይ ቆሟል። የሚያየው ሰዎቹን አልነበረም፤ ዓይኑ ከቃሬዛው ላይ ነው። ደርበው በትኩሳቱ መሐል የአውሬው ሽታ ደረሰውና ማቃሰቱን አቆመ።

ፊታውራሪው ምንሽራቸውን አነሱ።

«አይተኩሱ! ካቆሰሉት በሕይወት አንደርስም!» አለ አስማረ።

አንበሳው ጭራውን ገርፎ ሆዱን ከመሬት አጣበቀ። አስማረ ከአውሮፕላኑ ያመጣትን የምልክት ሽጉጥ መዘዘ፤ ያለችው አንዲት ጥይት ናት። ከአንበሳው ፊት ወዳለው ደረቅ ጉቶ አነጣጥሮ ተኮሰ። ቀይ እሳት ፈነዳ፣ ጢሱ ተንቦለቦለ፤ አውሬው ወደ ጎን ተፈናጥሮ ሽመል ጫካው ውስጥ ገባ። እስከ ቀትር ግን ከጫካው ውስጥ ሲያጉረመርም ይሰሙት ነበር።

ስምንት ሰዓት ላይ ዱራ ወንዝ ደረሱ። ውኃው ጎድሎ ሰፊው አሸዋና ድንጋዩ ተገልጧል። መሐል ወንዝ ካለ ድንጋይ ላይ ጠመንጃ የያዙ ሁለት ሰዎች ተቀምጠዋል። ሦስተኛው፣ ጠጉሩ የጎፈረ ረጅም ሰው፣ ከዛፍ ጀርባ ወጥቶ ፊት ለፊታቸው ቆመ።

«አውሮፕላኑ ሲወድቅ አይተነዋል» አለ። ዓይኑ ፊታውራሪው ላይ ተተክሏል። «ማንን እንደያዘ ግን አላወቅሁም ነበር። እግዜር በሰማይ አምጥቶ ጣለልኝ!»

«ደሴ...» አሉ ፊታውራሪው። ፊታቸው አመድ መሰለ።

«ስሜን አልረሳኸውም! ወንድሜን በሐሰት ምስክር ሰቅለኸዋል። እኔን ዱር አስገብተኸኛል።» ወደ አስማረ ዞረ። «እናንተ ሦስታችሁ እለፉ። ሽማግሌው ይቀራል።»

አስማረ ቃሬዛውን በቀስታ አስቀመጠ። እኚህ ሰው ወደ ደመናው የገፋፉት ናቸው። ደርበውን ጥለን እንሂድ ያሉትም እርሳቸው ናቸው። ለማስረከብ ቃል እንኳ አያስፈልገውም፤ ዝም ማለት ይበቃል። ዝም ማለት ምን እንደሚያመጣ ግን ከትናንት ወዲህ ያውቃል።

«በደልህ እውነት ሊሆን ይችላል» አለ። «ግን እኔ ያሳፈርኳቸው ሰው ናቸው። እስካደርሳቸው ድረስ በእኔ እጅ ናቸው። ከዚያ በኋላ ክሰሳቸው።»

ደሴ ጠመንጃውን አቀባበለ። «ምን ይዘህ ነው እምቢ የምትል?»

አስማረ ግን ጠመንጃውን አላየም። ከደሴ ትከሻ በላይ፣ በስተሰሜን ምሥራቅ፣ ደጋው ላይ ትናንት የገባበትን የመሰለ ደመና ተቆልሎ አናቱ ጠፍጣፋ ሆኗል፤ ከሥሩ ጥቁር ዝናብ አጋድሎ ይወርዳል። የጠዋቱ ደመና ከላያቸው ስለተገፈፈ እነሱ ያሉበት ፀሐይ ነው። ወደ ወንዙ አየ። ቅድም ጠርቶ የነበረው ውኃ ደፍርሷል፤ ቅጠልና ጭራሮ ያንሳፍፋል። ዝም ቢል ጎርፉ ድንጋዩ ላይ ያሉትን ሁለቱን ይወስዳቸዋል፤ ደሴ ብቻውን ይቀራል፤ ፊታውራሪው ደግሞ ምንሽር አላቸው።

«ሰዎችህን ከወንዙ አውጣ!» ብሎ ጮኸ። «ደጋው ላይ ዘንቧል፤ ውኃ እየመጣ ነው!»

ደሴ ሳቀ። እትዬ ውዴ ግን ወደ ዳሩ ሮጠው በአገውኛ ጮኹ። አንደኛው ሰውዬ የአገሩን ቋንቋ ሲሰማ ዘሎ ተነሳና ወደ ዳር ወጣ። ሁለተኛው እያመነታ ሳለ ምድር የሚያንቀጠቅጥ ድምፅ መጣ። ከወንዙ እጥፋት በኩል ግንድ የተሸከመ ቡናማ ውኃ ተገለበጠ። ሰውየው ሁለት እርምጃ ሮጦ ወደቀ። አስማረ ከመሬት የወደቀ ሽመል አንስቶ እስከ ወገቡ ገባ፤ ሰውየው ጫፉን ያዘ። ውኃው ሁለቱንም ሲጎትት አንድ ጠንካራ ክንድ የአስማረን ቀበቶ ጨበጠ። ደሴ ነበር፤ ጠመንጃውን ጥሎ ይጎትታል።

ሦስቱም ጭቃ ላይ ተዘርረው አለከለኩ።

«ከላይ ወንዙ የሚጠብበት ቦታ አለ» አለ ደሴ በመጨረሻ። «ውኃው ሲጎድል አሻግራችኋለሁ።» ፊታውራሪውን አሻቅቦ አያቸው። «ይቅር ብዬህ እንዳይመስልህ።»

ከወንዝ የወጣው ሰው የቃሬዛውን አንድ ጫፍ ተሸከመ።

ከማዶ የቻግኒ አገር ገበሬዎች ተቀበሏቸው። እየተፈራረቁ ተሸክመው እንጅባራ አደረሷቸው፤ ከዚያ የጭነት መኪና ወደ ዳንግላ ወሰዳቸው። ደርበው ነፍሱ ተረፈች። እግሩ ግን ከጉልበቱ በታች ተቆረጠ።

አስማረ ስልክ ቤት ገብቶ ለአለቆቹ ቴሌግራም ሊያስጽፍ ቆመ። ፊታውራሪው ተከትለውት ገቡ። «አየሩ ድንገት ተለወጠ በል» አሉት ለስለስ ብለው። «እኔም እመሰክርልሃለሁ።»

አስማረ ወደ ጸሐፊው ዞረ። «አራቱም በሕይወት አሉ ብለህ ጻፍ። አብራሪው ደመናውን እያየ ተነሳ፤ ጥፋቱ የአብራሪው ነው።»

የጸሐፊው ብዕር ቆመ። «ካፒቴን፣ ይህን ከላክሁት እኮ ዳግም አያስበርሩዎትም።»

«ላከው።»

ፊታውራሪው ባርኔጣቸውን አንስተው ወጡ።

አስማረ ወደ ክሊኒኩ ሄዶ ከደርበው አልጋ አጠገብ ተቀመጠ። ከሌላ ሰው አፍ እንዲሰማው አልፈለገም። «ደርበው፣ ያን ደመና ሳንነሳ አይቼው ነበር» አለው። «እምቢ ማለት ነበረብኝ።»

ደርበው አንሶላው ጠፍጣፋ የሆነበትን ቦታ አየ። «እኔም አይቼው ነበር» አለ። «ካፒቴኑ ዝም ካሉ እኔ ምን ቤት ነኝ ብዬ ተውኩት።»

አስማረ እጁን ያዘው።

«ሁለተኛ ዝም አትበለኝ» አለው።