የሐያሲው መዳፍ

ሐያሲው ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ ጠረጴዛው ላይ ተደፍቷል። ማጅራቱን የመታው የራሱ የነሐስ ሽልማት እግሩ ሥር ወድቋል፤ ግራ መዳፉ ስፒከሩ ላይ እንዳረፈ ቀርቷል። ሸክላው አሁንም በከንቱ ይዞራል። በአንድ ጽሑፍ ስንቱን ዘፋኝ ከመድረክ ያወረደ፣ የሚያስተምርበትን ዩኒቨርሲቲ ያንቀጠቀጠ ሰው፣ ወይ ጊዜ!

ፖሊሶቹ ዘፋኙን በካቴና ይዘውታል። ሐያሲው «ድምፁ የዛገ ቆርቆሮ ነው» ብሎ ከጻፈበት ወዲህ ለሠርግ እንኳ የጠራው የለም። ማታ እዚህ በር ላይ ሲጮህ ጎረቤት ሰምቶታል። ለፖሊሶቹ ነገሩ አለቀ ደቀቀ። መርማሪዋ ግን ቶሎ የሚያልቅ ነገር አትወድም።

«መጥሪያውን ደጋግሜ ተጫንኩ፤ የከፈተልኝ የለም» አለ ዘፋኙ። «ተሳድቤ ሄድኩ። እውነቴን ነው እትዬ!»

ወጥታ መጥሪያውን ራሷ ተጫነችው። ድምፅ የለውም። በመስኮቱ ስታይ ግን ጠረጴዛው ላይ ያለች ትንሽ መብራት ብልጭ ድርግም አለች። ተመልሳ ስፒከሩን አየችው፤ ቀለሙ በመዳፍ ልክ ተፍቋል።

የሐያሲው የሥራ ባልደረባ፣ ሌላው መምህር፣ መሐረቡን ዐይኑ ላይ አድርጓል። «ኩሩ ነበር፤ ተማሪ እንኳ ጥያቄውን በወረቀት ካልጻፈ አይመልስም። ግን ወዳጄ ነበር። ማታ ስደውልለት ‹ያ ዘፋኝ መጥቶ እየጮኸብኝ ነው› አለኝ። ምነው ያኔ በመጣሁ!»

«ስልኩን ያነሱት ራሳቸው ናቸው?»

«ታዲያ ማን ያነሳዋል? ባለቤቱ እህቷ ዘንድ ነበረች።»

መርማሪዋ ሁሉንም እዚያው ክፍል ሰበሰበቻቸው። ከእህቷ ቤት ወደተጠራችው ሚስትየዋ ዞረች። «እመቤት፣ መስማት ካቆሙ ስንት ጊዜያቸው ነው?»

ሴትዮዋ አንገቷን ደፋች። «ዓመታት ሆኖታል። ከንፈር ያነባል። ሙዚቃውን በመዳፉ ይዳስሳል፤ እኔ ሰምቼ የሰማሁትን እነግረዋለሁ።»

«ተማሪ ጥያቄውን በወረቀት እንዲያቀርብ ያዘዙትም ለዚህ ነው። እርስዎ ግን ትዕቢት መሰልዎት» አለችው መምህሩን። «የማይሰማ ሰው በስልክ አያወራም። የዘፋኙን ጩኸት የሰሙት እርስዎ ነዎት፤ ያውም ገድለዋቸው እዚህ ተደብቀው ሳሉ። ከኋላ ሲመጡባቸው ለምን እንዳልዞሩ አሁን ገባዎት?»

የመምህሩ ፊት አመድ መሰለ። «ያን ሁሉ ዘመን የለፋሁት እኔ!» ብሎ ጮኸ። «ጥናቱ የእኔ፣ ስሙ የእሱ! የፕሮፌሰርነቱንም ወንበር ለእሱ ሰጡት!»

ፖሊሶቹ መምህሩን ይዘውት ወጡ። ዘፋኙ ከካቴና የተፈታ እጁን እያሻሸ ሚስትየዋን ትክ ብሎ አያት።

«የእኔንስ ዘፈን ማን ሰማው?»

«እኔ» አለች። «አስለቅሶኛል። ‹ውብ ነው› ብዬ ነገርኩት።»

«ታዲያ?»

«‹ሁሉን ካመሰገንኩ ማን ይፈራኛል?› አለኝ።»

ዘፋኙ ሊሳደብ አፉን ከፈተ፤ ግን የሚሰድበው ሰው ሞቷል። «ይኸን አሁን ለማን ልንገር?» አለ።